አራተኛው ቁልፍ

ሐምሌ 4

ከደምሌ ሱቅ አሁን ገባሁ። ነጠላዬ ይንጠባጠባል። ሳልለውጥ ልጻፍ።

የገቢዎች ኦዲተሩ ማቴዎስ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን የወረቀት ጥቅል መደርደሪያው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ እያከበበ ነበር። ወጣት ነው። ሲናገር ድምፁን አያነሣም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

«ይቺ ‹ካርድ› የምትለዋ ምንድን ናት?»

«የጌም ካርድ ናት» አለው ደምሌ። «በስልክ የሚጫወቱባት።»

«ታክሷስ?»

ደምሌ ወደ እኔ ዞረ። እዚህ ንፋስ መውጫ የአሥራ አንድ ነጋዴ መዝገብ እይዛለሁ፤ አሥራ አንዱም ሲቸግራቸው እንዲህ ነው የሚዞሩት። «እሷን ጠይቃት። ዓለምጸሐይ አላውቅም አትልም።»

«እስቲ ልየው» አልኩ።

ዮርዳኖስ ገንዘብ መቀበያዋ ላይ ቆማ ነበር። አላየችኝም። ወይም አየችኝና ዓይኗን መለሰች።

ሐምሌ 5፣ ማታ

ነገሩን ለራሴ ላስረዳ። ስጽፈው ይቀልለኛል።

አንድ ሰው ደምሌ ጋ ይመጣና አምስት መቶ ብር ይከፍላል። ዮርዳኖስ ባሕር ዳር ካለው አከፋፋይ የመጣውን ረጅም ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ገልብጣ ትሰጠዋለች። ሰውየው ቁጥሩን ስልኩ ውስጥ ሲያስገባ ጨዋታው ውስጥ ሒሳብ ይሞላለታል። በዚያ ሒሳብ ደግሞ እዚያው ጨዋታው ውስጥ ይሸምታል፤ ልብስ፣ ጦር መሣሪያ፣ ፈረስ። የሚዳሰስ ነገር የለም።

የስልክ ካርድ እንዲህ አይደለም። የስልክ ካርድ ታክሱ ከላይ ተከፍሎበት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ማሽኑ ላይ በአራተኛው ቁልፍ፣ ያለ ታክስ፣ ይመዘገባል። ሌላው ዕቃ ሁሉ በአንደኛው ቁልፍ፣ ከአሥራ አምስት በመቶው ጋር።

የጌም ካርዱም ከኅዳር ጀምሮ በአራተኛው ቁልፍ ተመዝግቧል። ስምንት ወር። አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር።

ዮርዳኖስ ለምን አራትን እንደተጫነች አላውቅም። ማን እንዲህ እንዳላት አላውቅም።

እኔ በየወሩ ማሽኑ የጻፈውን ነው ለገቢዎች ያስታወቅሁት። የእኔ ሥራ ማሽኑ የጻፈውን ማስታወቅ ነው።

ሐምሌ 9

ገበያ። ጭቃ። አራት ደንበኛ በአንድ ጠዋት። አልበላሁም።

ደምሌ ደወለ። ሰባ ሁለት ሺህ ብር ታክስ፣ ቅጣቱ ሳይጨመር። እሱ ከካርዱ ያገኘው ትርፍ ሃያ አራት ሺህ ብቻ ነው።

«ዓለምዬ፣ ካተረፍኩት ሦስት እጥፍ ልክፈል? ጉዳዩ እስከ ነሐሴ አሥራ አምስት ካልተዘጋ ሱቁ ይታሸጋል አለኝ እኮ ማቴዎስ!»

ዓለምዬ ብሎኛል። ገና ዓለምዬ ነኝ።

ሐምሌ 12

ሱቁ ሄድኩ። ሰነድ ልሰበስብ ነው ያልኩት። ዮርዳኖስ ብቻዋን እንድትሆን ጠብቄ ነበር፤ መምህር ኢዮብ ቀደመኝ። የፊዚክስ መምህሩ። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ቤት ቁጭ ብለው እሱ የአምስት መቶ ካርድ ይገዛል።

«ጋሼ፣ ትናንት የገዙት አለቀ?» አለችው።

«ጫማ ገዛሁበት።»

«የታለ ታዲያ?» የእሱ ጫማ አፉን ከፍቶ ጭቃ ይጠጣል።

«ለኔ መሰለሽ? ለተዋጊዬ ነው። እሱ በባዶ እግሩ ከሚዋጋ የኔ ቢቀደድ ይሻላል።»

ሳቀች። ከብዙ ቀን በኋላ ሳቋን ሰማሁ። ጣቷ ወደ አራተኛው ቁልፍ ሄደና ቆመ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

ደረሰኝ ላገላብጥ ወደ ጓዳው ገባሁ። ያየሁት ግን ደረሰኝ ሳይሆን የእሷን ዓይን ነበር።

ሐምሌ 15

ማቴዎስ ፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ። ተዘጋጅቼበት ሄጄ ነበር።

«ካርዱ ገንዘብ ነው» አልኩት። «መቶ ብር በሁለት ሃምሳ ሲመነዘር ታክስ አለው? የለውም። ሰውየው ብሩን ወደ ጨዋታ ብር መነዘረ እንጂ ገና አልገዛም። ታክሱ የሚመጣው ጫማውን ሲገዛ ነው።»

«ጥሩ። ጫማውን ሲገዛ ማን ይሰበስባል?»

«ሻጩ።»

«ሻጩ የት ነው?»

የያዝኩትን ማስታወሻ አገላበጥኩ። ባሕር ማዶ ነው። የየትኛው አገር እንደሆነም አላውቅም።

«ዕቃ ነው ካላችሁ ግን የተሸጠው እዚህ መደርደሪያ ላይ ነው» አለኝ። «እኔም ግልጽ አልሆነልኝም ወይዘሮ ዓለምጸሐይ። ካርዱ ላይም ጫማው ላይም ብናስከፍል አንድን ነገር ሁለቴ ነው፤ ሁለቱም ላይ ብንተው ደግሞ አንድም አልተከፈለም። ነጋዴው በጽሑፍ ቢጠይቅ ወደ ላይ እልክ ነበር። ማንም አልጠየቀም። ማሽኑ ‹ታክሱ ተከፍሎበታል› ብሎ ነው የጻፈው። ይህን ማን ወሰነ?»

ማን ወሰነ። ደምሌ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ገንዘብ ተቀባይዋ ናት» አለ።

እኔ አላልኩም። ደምሌ ነው ያለው።

ሐምሌ 16

ትናንት የጻፍኩትን መለስ ብዬ አነበብኩ። «እኔ አላልኩም።» ለማን ነው የምጽፈው?

ሐምሌ 21

ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ።

«የደምሌ ሱቋ ልጅ በላችው አሉ።»

«ምን ልትበላ! የቄስ ልጅ አይደለች?»

«የቄስ ልጅ ሆድ የላትም?»

መዞር ነበረብኝ። ወፍጮው ሲፈጭ አየሁ።

ምናልባት ደውላልኝ ነበር። በኅዳር። ገበያ ቀን ነበር መሰለኝ፤ ጫጫታ ነበር። ሰው ብዙ ነገር ይጠይቀኛል፤ ያልኩትን ሁሉ አልይዝም።

ሐምሌ 27

ደምሌ ቢሮዬ መጣ። ዣንጥላውን ሳያጥፍ በሩ ላይ ቆመ።

«ውሏን አየሁት። በተሳሳተ ደረሰኝ ለሚመጣ ጉዳት ገንዘብ ተቀባይዋ ትጠየቃለች ይላል። እሷ ከሌላት ዋሷ። ጻፍኩለት።»

«ለማን?»

«ለአባቷ ነዋ።»

ቄስ ወልደማርያም። ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ። ያለ ዋስ ገንዘብ ተቀባይ የሚቀጥር ስለሌለ፣ ዮርዳኖስ ስትቀጠር ከዚያ ድረስ መጥተው ፈርመውላታል። ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። «የይስሙላ ነው አባ፤ ማንም አይነካዎትም» ብያቸዋለሁ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ዮርዳኖስ የክርስትና ልጄ ናት። በሰማንያ ቀኗ ከካህኑ እጅ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከተማ ያመጣኋት እኔ። ሥራውን ያገኘሁላት እኔ።

«ደምሌ፣ ሰውየው እኮ ካህን ናቸው። ከሁለት በሬ በቀር ምን አላቸው?»

«እኔስ ምን አለኝ? የባንክ ዕዳ አለብኝ። ሰው አልመስልሽም?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካልሆነ የጥፋቱን ባለቤት አንቺ ንገሪኝ» አለ።

በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይጮህ ነበር። እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ በእንዲህ ያለ ዝናብ ሰው ላይሰማ ይችላል።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ዛሬም ትናንትም ቆሜያለሁ። አልቆረብኩም። ንስሐ አባቴ ለምን አሉኝ፤ «ሆዴን አሞኛል» አልኩ። በፍልሰታ።

ነሐሴ 4

ዮርዳኖስ ቤት መጣች። የመጣሽበት ጉዳይ ምንድን ነው ማለት አልቻልኩም። ድንች መላጥ ጀመርኩ፤ እሷም ቢላ አንሥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ላጥን። ለሁለት ሰው ከሚበቃው በላይ።

«እትዬ፣ አባቴ ደብዳቤው ደርሷቸዋል።»

«ምን አሉ?»

«በሬውን ሊሸጡት ነው። ሽምብራው ሳይዘራ።» ልጣጩን በጣቷ ሰበሰበች። «የኔ ጥፋት ነው ብያቸዋለሁ።»

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ሐምሌ 12 ቀን እንዳየችኝ።

«ሌላ ምን ልበል እትዬ?»

እዚህ ላይ ነበር። ቦታው እዚህ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«እግዜር ያውቃል» አልኳት።

ዣንጥላ ሰጥቼ ሸኘኋት። ዣንጥላ!

ነሐሴ 6

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ሦስት ነጋዴ የዓመት ሒሳብ ይጠብቃል። አንዱን ሁለቴ ደምሬ ሁለት የተለያየ መልስ አገኘሁ።

ነሐሴ 8፣ ማታ

ልጻፈው። ማንም አያነበውም፤ ልጻፈው።

ኅዳር ነበር። ገበያ ቀን አልነበረም። ጫጫታ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተቀምጬ ለሁለት ነጋዴዎች ስለ ኪራይ ገቢ እያስረዳሁ ነበር፤ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ ጋሽ ደምሌ የጌም ካርድ የሚባል አምጥተዋል። በየትኛው ቁልፍ ልምታው?»

የጌም ካርድ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ታክሱን እንደሚከፍል። ምንም። «ቆይ ላጣራ» ማለት ይቻል ነበር። ሁለቱ ነጋዴዎች ግን ይሰማሉ። ዓለምጸሐይ አላውቅም አትልም።

«ካርድ ካርድ ነው» አልኳት። «አራትን ተጫኚ።»

እንዲያውም ሳቅሁ። አንደኛው ነጋዴም ሳቀ። እሷ «እርግጠኛ ነዎት እትዬ?» ብላ ነበር፤ «አንቺ ልጅ፣ ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

ሳትጠይቅ አላጠፋችም። ጠይቃ ነበር። ሁለቴ ጠይቃ ነበር።

አሁን መጻፌ ምን ይጠቅማል? ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

የተናገርኩ እንደሆነስ? አሥራ አንዱ ነጋዴ መዝገቡን ይወስዳል። ዓለምጸሐይ በስሟ የምትኖር ሴት ናት፤ ሌላ ሀብት የላትም። ይህን ስጽፍ ደግሞ የሁለት በሬ ባለቤት የሆነ ሰው ትዝ ይለኛል።

ነሐሴ 11

መጡ። ከወገዳ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር። ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። በፍልሰታ ደብራቸውን ለረዳት ቄስ ትተው።

«አበልጄ፣ ደኅና ነሽ ወይ?» አሉኝ። ልጃቸውን ክርስትና ስላነሣሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አበልጄ ነው የሚሉኝ። በጨርቅ የተቋጠረ ምስር አመጡልኝ። «ከልጄ ጋር ስትጨነቂ ሰነበትሽ አሉ።»

ምስሩን ተቀበልኩ።

የፈላ ውሃ ላይ ተልባ በጥብጬ ሰጠኋቸውና ጠየቁኝ፤ ምንድን ነው ይህ ካርድ? መጠየቅ ስለማያሳፍራቸው እስኪገባቸው ይጠይቃሉ። ነገርኳቸው። ካርዱን፣ ቁጥሩን፣ ጫማውን።

«ጫማው የት ነው?»

«የለም አባ። ስልክ ውስጥ ነው።»

«እና ገዢው ያውቃል እንደሌለ?»

«ያውቃል።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ ካርዱ ዘር ነው። ጫማው ምርት ነው። አሥራት ከዘር ይወጣል ከምርት?»

«ከምርት።»

«ከዘሩም ከምርቱም ያወጣ?»

«ሁለቴ ከፈለ።»

«እንደሱ ነዋ። ግን ዘሩ እዚህ ተሸጦ ምርቱ በሰው አገር አውድማ ቢወቃ፣ መንግሥትም ‹እኔስ?› ቢል አይፈረድበትም። ከባድ ነው። ልጄ ይህን በየት ታውቀው? አዋቂ መጠየቅ ነበረባት።»

ተልባውን ጠጡ። እኔ እጄን ከጠረጴዛው ሥር አደረግሁ።

ደምሌ ወረቀት ይፈልጋል፤ ዋሱ ጥፋቱን አምኖ በሦስት ወር እንደሚከፍል። «አንቺ ጻፊልኝ፤ ነገ ከቅዳሴ መልስ እፈርማለሁ» አሉኝ። «የሌላ ሰው እጅ አላምንም።»

አሁን ጻፍኩት። አጭር ነው። በንጹሕ ወረቀት። «ልጄ ዮርዳኖስ ወልደማርያም ማንንም ሳትጠይቅ በራሷ ፈቃድ ባልተገባ ቁልፍ በመመዝገቧ...»

«ማንንም ሳትጠይቅ» በይ ብሎ ደምሌ አልጠየቀኝም። ዓረፍተ ነገሩ እንዲሞላ ነው ያስገባሁት።

ነሐሴ 12

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከቅዳሴ በኋላ መጡ፤ ዮርዳኖስ ከኋላቸው ነበረች። ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ እስክሪብቶውንም። እንዲፈርሙ ቦታውን በጣቴ አሳየሁ።

«ሳላነብ አልፈርምም» አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ዓይናቸውን ብቻ የሚያስኬዱ መስሎኝ ነበር። ቆሙ። ሕዝብ ቆሞ እየሰማቸው ከሚያነቡት ከመጽሐፈ ስንክሳር ሌላ ንባብ አያውቁም፤ ወረቀቴንም እንደዚያው አነበቡት። ጮክ ብለው። ቃል በቃል፣ እየጣሉና እያነሡ። ቀኑን። ስማቸውን። የሱቁን ስም። የእኔ የቢሮ ቃላት በዚያ ድምፅ ሲወጡ ሌላ ሰው የጻፋቸው መሰሉኝ።

«...ልጄ ዮርዳኖስ ወልደማርያም፣ ማንንም፣ ሳትጠይቅ...»

ቆሙ። እንደገና አነበቡት። «ማንንም ሳትጠይቅ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን አዩ። ዮርዳኖስ መሬት መሬት ታያለች።

«ይህቺ ልጅ» አሉ፣ «ውሃ ልትጠጣ ትጠይቃለች። ስድስት ዓመቷ እያለ ‹አባ፣ ላልቅስ?› ብላ ጠይቃኛለች። አበልጄ፣ ይህን ቃል ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ዮርዳኖስ «አባ፣ ይፈርሙና እንሂድ» አለች። በጣም ቀስ ብላ። ስለ እኔ ብላ ነው። እስከ መጨረሻው ስለ እኔ ብላ።

ቄሱ አልተቆጡም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩ፤ እስክሪብቶውን በላዩ። «አላለቀም መሰለኝ» አሉኝ። «ጨርሺው። እኔ አልቸኩልም፤ መኪናው ከሰዓት ነው የሚነሣው።» ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀመጡ። ጀርባቸውን አየሁት። ያውቁ ነበር? አሁንም አላውቅም።

ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ፊደሌ የእኔ አይመስልም። እንዲህ ይላል፤

«በኅዳር ወር ዮርዳኖስ ወልደማርያም ስለ ጌም ካርዱ ደውላ ጠይቃኛለች። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አላውቅም ሳልል አራትን ተጫኚ አልኳት። እርግጠኛ ነዎት ብላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ገሠጽኳት። የሚከፈል ካለ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ታክሱ ካርዱ ሲሸጥ ይሁን በካርዱ ሲሸመት፣ ከሙሉ ዋጋው ይሁን ከነጋዴው ትርፍ፣ መልስ እንዲሰጠን በዚህ ወረቀት እጠይቃለሁ።»

ሰጠኋቸው። ቆሙ። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ልክ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አንድም ቦታ አልቆሙም።

«ይህ አልቋል» አሉ። «ፈርሚ።»

ፈረምኩ። ሲወጡ ምስሩን በጠረጴዛው ጥግ አዩት፤ አልወሰዱትም። ቢወስዱት እመርጥ ነበር።

ነሐሴ 14

ሱቅ። ደምሌ ወረቀቱን አነበበ፤ ለማቴዎስ አሳለፈው። ማቴዎስም አነበበ።

«ወይዘሮ ዓለምጸሐይ» አለ ደምሌ። እንግዲህ ወይዘሮ ሆንኩ። «መዝገቤን ዛሬውኑ መልሺልኝ።»

«እሺ።»

«ሰባ ሁለት ሺሁንስ?»

«የሚከፈል ከሆነ ቤቴን አስይዤ እከፍላለሁ። ቄሱን አትንካ።»

ማቴዎስ ወረቀቱን አጥፎ ማህደሩ ውስጥ አስገባ። «ጥያቄው ተጽፏል፤ ወደ ላይ ይሄዳል። መልስ እስኪመጣ ሱቁ አይታሸግም» አለ። «መልሱ ግን በእናንተ ላይም ሊመጣ ይችላል።»

ወሬው ቀድሞኛል። ጠዋት ሁለት ነጋዴዎች ደውለው መዝገባቸውን ጠይቀዋል። አንደኛው ኅዳር ላይ ቢሮዬ ተቀምጦ የሳቀው ነው።

ልወጣ ስል መምህር ኢዮብ እየተንጠባጠበ ገባ። «አምስት መቶ» አለ፣ ብሩን ዘርግቶ። «ዛሬ ጋሻ ነው የምንገዛለት።»

ዮርዳኖስ ብሩን ተቀበለች። ጣቷ ማሽኑ ላይ ቆመ፤ አንደኛውና አራተኛው ቁልፍ መካከል። ቀና አለች።

«እትዬ፣ የትኛውን ልጫን?»

ደምሌ፣ ማቴዎስ፣ መምህሩ፤ ሁሉም እኔን አዩ። ልማድ ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ቆሞ ስለነበር ሁሉም ሰሙኝ። ዮርዳኖስ ጣቷን ከማሽኑ ላይ አነሣችና ብሩን ለመምህሩ መለሰችለት።